ጮክ በል፣ ልጄ

አባ ይሁኔ በግራ ጆሯቸው አይሰሙም፤
በቀኙም ቢሆን ሹክሹክታ አይቀበሉም።
ፊት አቦ ቅጽር ውስጥ፣ ከጥዱ ሥር ቁጭ ብለው፣
«ጮክ በል ልጄ፣ ጮክ» ይላሉ፣ ጆሮ አዘንብለው።
ኀፍረት የሚያውቅ ሰው ስለሚሸሻቸው
ጥቂት ነው፣ ጥቂት ነው የንስሐ ልጃቸው።
እኔ ግን መረጥኋቸው፤ ምክንያት ነበረኝ፤
መስማት የሚቸግረው አባት ተመቸኝ።

ቅኔ ከዋሸራ፣ አቋቋም ከበአታ
ተምሬ የወጣሁ ነኝ፣ ምላሴ የማይረታ።
ሰም ገልጬ፣ ወርቅ ሸሽጌ እንጀራ በልቻለሁ፤
ኃጢአቴንም ሳይቀር ቅኔ አድርጌዋለሁ።

ሰባት ፍልሰታ ሙሉ፣ ከእግራቸው ሥር ቀርቤ፣
እንባን እንደ ቁራሽ በአኮፋዳ ሰብስቤ፣
«አበሳዬ» አልሁ «ከጣና አሸዋ በላይ፤
ጴጥሮስ ነኝ፣ ዶሮ የጮኸብኝ እሳቱ ዳር ላይ፤
የዳዊት አልጋ ነኝ፣ በእንባ የራሰ፤
የነነዌ ሰው ነኝ፣ ማቅ የለበሰ፤
በማወቅ ባለማወቅ፣ በኀልዮ በቃል
ያልበደልሁት የለም፤ እግዜር ይህን ያውቃል።»
ግማሹ ያመልጣቸዋል፤ «እ? እ?» ይሉኛል፤
አርባ ስግደት ያዝዛሉ፤ መስቀል ያሳልሙኛል።

እኔም ሰገድሁ፤ ጉልበቴ አልሰነፈም፤
ጧፍ ያልሰጠሁበት በዓል ከቶ አላለፈም።

ሰሙ ከመቅደስ ነው።
ወርቁ ግን ከቤቴ፣
በሻሽ ተጠቅልሎ፣
ከድጓው ማኅደር ውስጥ፣ ከራስጌ ከአናቴ።

የአንጓች ነው። ልጇን ፍለጋ መተማ ስትወርድ፣
«አደራ መርጌታ» ብላኝ፣ እጇ ሲርድ፣
የእናቷን ድሪ፣ ሁለት ጉትቻ፣ አንድ ቀለበት
አስቀመጠችብኝ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ወረቀት።
በዓመቱ ስትመለስ፣ ልጁ ሳይገኝላት፣
«ምን ወርቅ?» አልኋት።
ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ ኅብርም ሰምም የላት፤
ከተናገርሁት ሁሉ ግልጧ እሷ ናት።

ዘንድሮ ከፊቴ አንድ አሸዋ ጫኝ ነበረ፣
ከቀሃ ወንዝ ዳር አካፋ ይዞ የኖረ።
መጣ፤ ተንበረከከ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ከብት እንደሚጠራ ሰው ድምፁን ከፍ አደረገ፦
«በግ ሰረቅሁ!» «እ?» «በግ! የጫኔን ነው፣ አረድሁት!
ቆዳውንም ሸጥሁት!
ጫኔ ሲፈልገው አብሬው ፈለግሁት!»
ቅጽሩ ሙሉ ሰማ፤ ዲያቆኑ ሳቀበት።
እንባ አልነበረውም፤ ላብ ነው የወረደበት።
አባ ይሁኔም ስግደት አላዘዙትም፤
«ዋጋውን ይዘህ ጫኔ ዘንድ ሂድ» እንጂ ሌላ አላሉትም።

ተራዬ ደረሰ። «ጴጥሮስ ነኝ፣ የዳዊት አልጋ…»
እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ በከንቱ አትትጋ።
የጴጥሮስን ኃጢአት ጴጥሮስ ተናዞታል፤
የዳዊትንም ዳዊት በመዝሙር ጽፎታል።
ያንተን ነው ሰባት ዓመት የጠበቅሁት።
ሁሉን በደልሁ ያለ ምንም አላለም፤
ስሙ ላልተጠራ በሽታ መድኃኒት የለም።
ጮክ በል። ስሟ ማን ነው?»

ስሟ አሉ። ሴት ናት አላልሁም።

ዲያቆኑ፣ ወረፋው፣ ጥዱም ጆሮ ሆነ፤
ያ የማይረታው ምላሴ በአፌ ውስጥ መነመነ።
መስቀሉን ሳልሳለም ወጣሁ።

ቅዳሜ ገበያ አንጓች ጌሾ ትሸጣለች፤
እየሰፈረች፣ ምራቂ ጨምራ ትሰጣለች።
ከፊቷ ቆምሁ፣ የሻሹን ቋጠሮ ይዤ፣
መንገድ ላይ የቀመርሁት ጠፍቶኝ፣ ፈዝዤ።
«አደራሽን በላሁ» አልሁ። «እ?» አለች።
በገዢ ጫጫታ መሐል ነበረች።
ጮኽሁ፦
«አደራሽን በላሁ፣ አንጓች! ሰባት ዓመት ዋሸሁ!»
ገበያው ዞረ። ድምፄን ገና ያን ቀን ሰማሁ።

ሻሹን ፈታች፤ ቆጠረች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤
«አንዱ ጉትቻስ?» ብላ ጠየቀችኝ።
«ሸጥሁት።»
«ምን አደረግህበት?»
«ጧፍ ገዛሁበት።»

አልሳቀችም፤ አልሰደበችኝም፤
ማርሁህም አላለችኝም።
የጆንያውን አፍ ወደ እኔ ገፍታ
«ያዝልኝ» አለች፣ ወደ መስፈሪያዋ ተመልሳ።

እስኪመሽ ያዝሁላት።
የጌሾው ብናኝ ዓይኔን ቆጠቆጠኝ፤
ያንን እንባ ብዬ አልቆጠርሁትም።